የባሮክ ሙት ዓመት

አስር አለቃ ዱሬሳ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል። ልደታ ካለው ቤቱ ወጥቶ እስከ ሰንጋ ተራ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይወጣል። በጦርነቱ ከጎኑ የወደቀው ባሮክ ለሌላው ሰው የምሽግ ጓደኛው ነበር፤ ለእሱ ግን ፍቅረኛው። ይህን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

በሙት ዓመቱ ዕለት በልደታ ማርያም ግቢ ዳር ዳሩን ሲንቆራጠጥ የባሮክ እናት ወይዘሮ ሠርካዲስ አዩት።

"ምነው እዚያ ቀረህ?"

"ቤተ ዘመዱ ይቅደም ብዬ ነው፣ እማማ።"

ክንዱን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ ለፈቃድ ሲመጣ ስምህን በጠራ ቁጥር ፊቱ ይበራ ነበር። እናት አይደለሁ? ገብቶኛል። ሐዘኑ ያንተም ነው፤ ከእኔ ጋር ቁም።"

ዱሬሳ ከጎናቸው ቆመ። ሰዎች እየቀረቡ እሱንም "እግዚአብሔር ያጽናህ" ሲሉት እንደ ቤተ ዘመዱ ጎንበስ እያለ ተቀበላቸው።