ውስጥ እግር የምታይ ሐኪም

ሥጋን ከአፈር አበጅቶ ቆዳን ላለበሰው፣ በዕድሜዬ ላይ ዕድሜ ለጨመረልኝ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። በስሙ ጀምሬ፣ እዚሁ ሐዋሳ ስላለች አንዲት የቆዳ ሐኪም እተርካለሁ።

ባለቤቴ ሳሙና እጇን እያሳከካት ስለ ተቸገረች፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን በባጃጅ ተሳፍረን ወደ ክሊኒክ ሄድን። እኔ አጃቢ ብቻ ነበርሁ። ሐኪሟ የሲዳማ ተወላጅ፣ በዕድሜ ከልጆቻችን የምታንስ ሴት ናት። የባለቤቴን እጅ አገላብጣ አይታ ቅባት ካዘዘችላት በኋላ፣ "እማማ፣ አሁን ደግሞ ጫማዎን ያውልቁ" አለቻት። ውስጥ እግሯንም አይታ ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ፣ እርስዎም።"

"እኔ ምን አመመኝ ብዬ?"

"በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይጠየቁ የሚያወልቁትን እዚህ ሲለመኑ እምቢ ይላሉ?" አለች ባለቤቴ። "ካልሲዎ ተቀዶ እንደ ሆነ ይንገሩን፣ ዓይናችንን እንጨፍን።"

ተቀዶም ነበር።

በቀኝ ተረከዜ አጠገብ ጥቁር ምልክት መኖሩን አውቃለሁ፤ በተማሪነቴ የወጋኝ እሾህ ጠባሳ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሐኪሟ አጎንብሳ ብዙ አየችው።

"ሰፍቷል?"

"ከዓምና ይልቅ ሰፍቷል" ብላ ባለቤቴ መለሰችልኝ። ቀልዷ ቀርቶ ነበር።

"ነጮችን የቆዳ ካንሰር የሚይዛቸው ፀሐይ በሚያገኘው ገላቸው ነው" አለች ሐኪሟ። "እኛ ዘንድ ቆዳቸው ቀለም ሳይኖረው የተወለዱት ፊታቸው ላይ ይወጣባቸዋል፤ ሳይድን የቆየ የቃጠሎ ቁስልም ወደዚያ ሊለወጥ ይችላል። ክፉው ጥቁሩ ካንሰር ግን ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ይሸሸጋል። በሽተኛው አያሳይም፤ ስለዚህ ሁሉንም ጫማ አስወልቃለሁ።"

ከምልክቱ ቆንጥራ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ካንሰር ሆነ። በማኅሌት ያረጀሁ መሪጌታ ነኝና፣ ስለ ሞት ከመጠየቄ አስቀድሜ የጠየቅኋት፣ "እንግዲህ ቆሜ እዘምራለሁን?" ብዬ ነው።

"ቀዶ ሐኪሙ ሳያየው የማላውቀውን አልነግርዎትም፤ ግን ቶሎ ነው የመጡት" አለችኝ። ሐሰተኛ ተስፋ ስላልሰጠችኝ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ሥር አልሰደደም ነበር። ቆርጠው አወጡት፤ ከጭኔም ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ተንበርክካ የምታሽግልኝ ሐኪሟ ራሷ ነበረች። የምታመልከው በሌላ ጸሎት ቤት ነው፤ እኔ ግን በጸሎቴ ሳላነሣት አላድርም።

ዘንድሮ በደብራችን ንግሥ በዓል ዋዜማ በመቋሚያዬ ተደግፌ ቆምሁ። እኩሌታውን ቆሜ፣ እኩሌታውን ተቀምጬ ዘመርሁ። ሲፈጸም አንድ ባልንጀራዬ፣ "አረጀህ መሰለኝ" አለኝ።

"ጫማህን ሳታጠልቅ በፊት ውስጥ እግርህን አሳየኝ" አልሁት።

"ደግሞ ሐኪም ሆንህ?" እያለ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር አካሄድህን ያቅናልህ፤ የተሰወረውን ሕመም ሳይበረታ ይግለጥልህ። ቤትህንና በውስጡ ያሉትን ሁሉ በጤና ያኑርልህ፤ አሜን።