መጨረሻው ልብ ያሳርፋል

ባለፈው ሳምንት መገናኛ አካባቢ አንድ መጽሐፍ ሲመረቅ መድረክ መሪው ማይክራፎኑ ላይ ሁለት ጊዜ እፍ፣ እፍ አለ። ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ያመመኝ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ። አላመመኝም። በሐሳቤ ካራ ሰፈር ወዳለው የድሮ ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክፍል ተመልሼ ገብቼ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው መጽሐፍ አስተዋውቅ ነበር። አዲስ ከወጡትና ሰው ከሚሻማባቸው አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ደግሞ ልብ ወለድ ያልሆነ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም። የማፍረው መጻሕፍቱን ስለማላነባቸው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሐሙስ ታውሰኛለች፤ እኔ የጀርባ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች አይቼ የቀረውን ከራሴ እጨምራለሁ። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈውን አራት ገጽ አንብቤ አሞግሼው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለወራት ስለ ቀፎ ሲጠይቀኝ መሸሸጊያ አጥቼ ነበር።

የዚያን ዓርብ ልብ ወለድ ስለ አንዲት የታመመች እናትና ስለ ልጇ ነበር። «መጨረሻው ልብ ያሳርፋል» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ለምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ። ለጆሮዬ ጣመኝ፣ በቃ።

የዘነጋሁት ድምፅ ማጉያው አጥር እንደማያግደው ነው። የቅርብ ጓደኛዬ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነበር። እናቷ ታመው ከአልጋ ከዋሉ ከርመዋል፤ ዓይናቸውም ደክሞ፣ ይወዱት የነበረውን ንባብ ትተዋል። ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ መጣችና፣ «እማዬ አንቺን ሰምታ ያን መጽሐፍ አንብቢልኝ አለች። እስከ እሑድ እጨርስላታለሁ» አለችኝ። በኩራት ሰጠኋት።

እሑድ ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ወንድሜም በእኔው ምክር ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ ኖሮ፣ ጨርሶ እግሬ ሥር ወረወረው።

«ይሄን ነው ልብ ያሳርፋል ያልሽው? እናትየዋ'ኮ ትሞታለች። ያውም ብቻዋን።»

መጽሐፉን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ታክሲ ውስጥ አነበብኩት። ልጅቷ ወደ ቤት ስትመለስ የምታገኘው ባዶ አልጋ ነው። ላምበረት ስንደርስ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች መንገዱን ዘግተው ቆምን። የናፍጣ ጭስና ከተራራው የሚወርድ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮቱ ይገባል፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ታክሲው አይሄድም። «ከቸኮልሽ ውረጂና ሩጪ» አለኝ ረዳቱ፣ ሊቀልድ። ወርጄ ሮጥኩ፤ ከፊት የነበረው ታክሲ ላይ ተንጠለጠልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እሳቸው ያን ምዕራፍ ከሰሙ ገዳያቸው እኔ የምሆን ይመስለኝ ነበር።

ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጓደኛዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ ከመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ገጹ ላይ አርፏል። ከእጇ የቀሩት ሦስት አራት ቅጠሎች ናቸው። አፌን ከፈትኩ። ያኔ የምታነበው ተሰማኝ።

«እናትየዋም በማግስቱ ተነሳች። ቀስ እያለች አጥሩ ድረስ ሄዳ የኮክ ዛፏን ውሃ አጠጣች...»

ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ ገጹን አትገልጥም። ድምፅዋ ግን እንዳለ ነው። የወንድሜን መጽሐፍ ከጀርባዬ ደበቅኩት። እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አለቀ፣ እማዬ።»

«ጥሩ ነው» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ጓደኛዬ ሻይ ልታመጣ ወጣች። ስታልፍ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። እናቷ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ሳላነበው ነው ያወራሁት።»

«አውቃለሁ። ድምፅሽ ግን ጥሩ ነው።» ፈገግ አሉ። ከዚያ እጄን ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኛ ግቢ ኮክ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል? መጨረሻውን የጻፈችው ልጄ ናት። እንዳወቅሁባት አትንገሪያት፤ አደራ።»

ኮኩ ሳይበስል አረፉ።

አሁን መጽሐፍ መሸጥ መተዳደሪያዬ ነው። «ምን አዲስ ወጣ?» የሚለኝ ብዙ ሰው አለ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ያላነበብኩትን ለማንም አልመክርም። ጓደኛዬም አልፎ አልፎ ሱቄ ትመጣለች። አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ደግሞ ልብ ወለድ ያልሆነ አስመርጣኝ፣ ሂሳቧን ከፍላ፣ ቦርሳዋን ይዛ ትንሽ ትቆማለች።

«እማዬ ቢያንስ ሳታውቅ ነው የሄደችው» ትለኛለች። «እድናለሁ ብላ።»

«አዎ» እላታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምዋሸው መጨረሻ ይህ ብቻ ነው።