ቀስቱን የመረጥኩበት ምክንያት

ጠመንጃውንና ቀስቱን ጋራዡ ውስጥ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸውና «ምረጥ» አለኝ።

ሰውየው ክሬጊበርን ባለው መጋዘን አብሮኝ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ተወልዶ ያደገው ከሜልቦርን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ተራሮቹ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ማደን የጀመረው ከአባቱ ጋር ነው። ልናድን የተነሣነው የዱር ፍየል ነበር። አያት ቅድመ አያቶቹ ከገበሬ ግቢ አምልጠው ገደል ለገደል የቀሩ፣ ገበሬው እንደ ተባይ የሚያየው ፍየል። መሬቱ የባልደረባዬ የአጎት ልጅ ስለሆነ ፈቃድ አለን። የጠመንጃ ላይሰንሱንም ተምሬና ተፈትኜ አውጥቻለሁ። ስለዚህ የትኛውንም ብመርጥ የሚከለክለኝ አልነበረም።

«ለመጀመሪያ አደንህ ጠመንጃውን ያዝ» አለኝ። «ቀስት በጣም መቅረብ ይፈልጋል። እጅህ ትንሽ ከሳተ ደግሞ የሚሰቃየው እንስሳው ነው።»

«ቀስቱን» አልኩት።

«ለምን?»

«ሃይማኖቴ ነው።»

ይህን መልስ እስካሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ሃይማኖቴ አልነበረም፤ ጉራዬ ነበር።

የጉራው መነሻ አንድ ፎቶ ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ይኸው ባልደረባዬ አጋዘን ሊያድን ሲወጣ አብሬው ሄጄ ነበር። ሥራዬ ቦርሳና ውኃ መሸከም ነበር። እሱ አጋዘኑን ከጣለ በኋላ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን አስያዘኝና ፎቶ አነሣኝ። ባለቤቴ ፎቶውን አዲስ አበባ ላሉት አባቷ ላከችላቸው። አማቴ በማግስቱ ደውለው «አዳኝ ነህና!» ሲሉኝ፣ አይደለሁም ማለት አንድ ቃል ነበር። እሷን ቃል አላወጣኋትም። ከዚያ ወዲያ በስልክ ብዙ አጋዘን ጣልኩ። አንዴ እንዲያውም ጭጋግ ውስጥ ጠፍቼ በኮከብ አቅጣጫ አግኝቼ ተመልሻለሁ።

አማቴ እኔ አደን በወጣሁበት ዓመት ከገና በኋላ መጡና ታርኔት ባለው ቤታችን ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ቄራ የሠሩ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ጾሙ እስኪገባ በነበሩት ሳምንታት ሥጋ ሲቀርብላቸው «ማን እንዳረደው አላወቅሁም፤ ሽሮው ይበቃኛል» እያሉ በትሕትና ያልፉት ነበር። ባለቤቴ አባቷን ሥጋ አብልታ አለማወቋ ያብሰለስላት ጀመር። ለፋሲካ እንደ ሌላው ጊዜ ዋይንድሃም ቬል አካባቢ ካለ ገበሬ በግ ገዝተን እዚያው ለማረድ ተስማምተን ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን እንግዶች ተሰበሰቡ። ወሬው ወደ ፋሲካ በግ ሲሄድ አንዱ «አዳኝ ቤት ተቀምጦ በግ ይገዛል እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አፌን ሞልቼ «ዘንድሮ አባባ የሚፈስኩት እኔ አድኜ በማመጣው ነው» አልኩ።

እትዬ የምንላቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። «በጥይት የሞተ በክት አይደለም እንዴ? ሳይባረክ፣ ሳይታረድ?» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ የማድነው በቀስት ነው» አልኳቸው። «ሳይሞት ደርሼ፣ ባርኬ ነው የማርደው።»

ይህን ስናገር ቀስት በእጄ ነክቼ አላውቅም። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው የሻይ ብርጭቆአቸውን ያዞሩ ነበር። ዝምታቸውን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ባልደረባዬ የሰው ሃይማኖት የሚያከብር ሰው ነው። በእኛ በዓላት ሺፍቴን ሲሸፍንልኝ ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «ሃይማኖትህ ከሆነ አልከራከርህም» አለና ቀስቱን አስተካክሎ ሰጠኝ። ለሰባት ሳምንት ያህል ከሥራ ስንወጣ ጓሮው ውስጥ ጆንያ ላይ ስወነጭፍ ከረምኩ። ደጋግሞ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ከወርቹ ኋላ፣ ሳንባው ላይ። «እዚያ ከገባ ምንም ሳያውቅ በአንድ ደቂቃ ያልፋል። ሌላ ቦታ ላይ አትሞክር። ካላገኘኸው ተወው።»

እኔ ግን በልቤ ሌላ ስሌት ጀምሬ ነበር። በአንድ ደቂቃ ካለፈ እኔ በዚያ ዳገት ቢላዋ ይዤ የምደርሰው በድን ላይ ነው። በድን ላይ ደርሼ ባርኬው ምን ሊፈይድ? እትዬ ይጠይቁኛል፤ ለአማቴም ሳይሞት ደረስኩ ብዬ መሐላ ልገባ አልችልም። ስለዚህ ወርቹን ትቼ ታፋውን ብመታው፣ እግሩን ቢሰብረው፣ መሮጥ ቢያቅተውና ቁጭ ብሎ ቢጠብቀኝ ብዬ አሰብኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የማይነገር መሆኑን አውቅ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ከእኛ በሳምንት ቀድሞ ስለዋለ ረጅሙ ዕረፍት የዋለው በእኛ ጾም መጨረሻ ላይ ነበር። ዓርብ ዕለት አራት ሰዓት ያህል ነድተን ደረስን። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ጠመንጃውን ለምናልባቱ ትከሻው ላይ አንግቶ፣ እኔ ቀስቱን ይዤ ዳገቱን ወጣን። የተማርኩት ሁሉ በሥርዓቱ ሄደልኝ። ነፋሱ ከፊታችን ነበር። አንድ ትልቅ ወጠጤ ብቻውን ቁጥቋጦ ይቀነጥባል። በደረቴ ተስቤ እስከ ሃያ እርምጃ ቀረብኩት፤ ባልደረባዬ ትንሽ ከኋላዬ በርከክ ብሎ ነበር።

ወጠጤው ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ጅማቱን ሳብኩ። ቀስቱ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ነጥብ ልክ ወርቹ ኋላ አረፈች፤ ጓሮ ውስጥ ሺህ ጊዜ እንዳየኋት። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ታፋው ወሰድኳት። ለቀቅኩት። በዚያች ቅጽበት ወጠጤው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ፍላጻው ሆዱ ውስጥ ገባ።

«ሆዱን ነው» አለ ባልደረባዬ። ወጠጤው ጀርባውን አጉብጦ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አልኩት።

እጄ አልተንቀጠቀጠም። እንደዚያን ጊዜ ጸንቶልኝም አያውቅ።

«አሁን ከተከተልነው መሮጡን አያቆምም። ካልተከተልነው ይተኛል። እንቀመጥ» አለ። ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከሁለት ሰዓት በላይ። እሱ ኮፍያውን አውልቆ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። «ለጀማሪ ቀስት መስጠት አልነበረብኝም። አንተ አትጸጸት።» የዚያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። «እሺ» አልኩት፤ ይቅር ያልኩት ይመስል።

ከዚህ የባሰው ግን እሱ ያልሰማው ነው። እዚያ ተቀምጬ እጸልይ ነበር። ሆሳዕና ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጾም አፌ «አምላኬ ሆይ፣ እኔ እስክደርስ ነፍሱን አቆይልኝ» እያልኩ ደጋግሜ ለመንኩ። ሆዱ ውስጥ ብረት ተሰክቶበት የትም የወደቀ እንስሳ ቶሎ እንዳያርፍ ለመንኩ። በሕይወት ሲቆይልኝ ብቻ እንጂ ሲሰቃይ አልታየኝም።

የደም ጠብታ ተከትለን ሄድንና ከሸለቆው ማዶ፣ ከአለት ሥር ተኝቶ አገኘነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ባልደረባዬ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«መቶ ሜትር አይሞላም። አሳርፈዋለሁ።»

እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ። «አይሆንም። በቢላዋ ነው።»

«ወዳጄ፣ እየተሰቃየ ነው።»

«ሃይማኖቴ ነው» አልኩት ሁለተኛ።

ትንሽ አየኝና ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። ሸለቆውን ወርደን ማዶውን ለመውጣት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ያን ሁሉ ጊዜ ጥይቱ እሱ ዘንድ ነበር። ስደርስ ወጠጤው ሊነሣ ሞከረ፤ የፊት እግሮቹ ብቻ ተነሡ። በጉልበቴ ያዝኩት፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ አረድኩት። ደሙ ሞቅ ብሎ ሲወርድ ደስ አለኝ። ማሳመር አልፈልግም፤ ደስ ነው ያለኝ። ጸሎቴ ተሰማልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ቀና ስል ባልደረባዬ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

ሆዱን ስንከፍተው ፈርሱ ሥጋው ላይ ፈሶ ነበር። ከወንዝ ውኃ እየቀዳን አጠብነው፤ የተበላሸውን ቆርጦ እየጣለ የቀረውን እሱ በብልቱ አወጣጣልኝ። ከተመለስን በኋላ ቀስቱን ሸጠው። ዛሬም ፎርክሊፍት ላይ ሆነን ስንተላለፍ እጁን ያነሣልኛል። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ እስካሁን ያምናል፤ እኔም እስካሁን አልነገርኩትም።

ሥጋው ሳምንቱን ፍሪዘር ውስጥ ሰነበተ። የፋሲካ ዕለት ምሳ ላይ ያ ሁሉ እንግዳ ተመልሶ መጣ፤ እትዬም መጡ። ባለቤቴ የፍየሉን ጥብስ በትልቅ ትሪ አቅርባ አባቷ ፊት አደረገችው። ሰው ሁሉ እሳቸው እስኪቀምሱ ይጠብቃል። አማተቡና ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። ከዚያ እጃቸውን ጠረጉና «ና እስቲ ልጄ፣ አንድ ጊዜ» ብለው በጓሮ በር ወጡ። ተከተልኳቸው።

አጥሩ ሥር ቆመው «ስንት ሰዓት ቆየ?» አሉኝ።

«ምኑ አባባ?»

«ከቆሰለ በኋላ።»

ሠላሳ ዓመት ሥጋ ያዩ ሰው ናቸው። «ያልተንገላታ ከብት ሥጋ እንዲህ አይጠቁርም» አሉ። «እንዲህም አይደርቅ።»

«ሦስት ሰዓት ያህል» አልኳቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ አደን የነገርኳቸው የመጀመሪያው እውነት ነበር።

«ስቶህ ነው?»

ሳተኝ ማለት ይቻል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው» አልኳቸው። «ቶሎ ከሞተ በክት ይሆናል፣ እርስዎም አይበሉልኝም ብዬ።»

«እኛ ቄራ ሌሊት ተነሥተን ቢላዋ የምንስለው ለምን ይመስልሃል?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቶሎ እንዲያርፍ ነው። እኔ ቁጥሩን የማላውቀው ከብት አርጃለሁ። አንዱን እንኳ ይቆይልኝ ብዬ አላውቅም። ፍየልም አምጣልኝ አላልኩህም ልጄ፤ ሽሮዬን እየበላሁ ነበር። በእኔ አታሳብብ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። «ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ትሪው ይነሣ» አልኳቸው።

በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ልጃቸው እየሳቀች እንጀራ ትጨምራለች። «እሷ ምን አጠፋች?» አሉና ገቡ።

ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ፤ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ በሉ። እትዬ «እንዴት ነው የአዳኙ ሥጋ?» ሲሏቸው «እጁ ይባረክ» አሉ። ባለቤቴ አባቷ ሥጋ ሲበሉላት በማየቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጨመረችላቸው። እሱንም በሉ። እኔ ከትሪው ዳር ቁራሽ እንጀራ ይዤ እንዳለሁ ነበርኩ።

«አዳኙ ራሱ አይበላም እንዴ?» አለ ያ ቀልደኛው። ሰው ሳቀ።

አማቴ ከትሪው መሐል ከጠቆረው ሥጋ ደህና አድርገው ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ከአማት እጅ ጉርሻ አይመለስም። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እጃቸው ብቻ ሳይወርድ ቆየ። ሰው ሁሉ እያየ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው እያዩኝ ለረጅም ጊዜ አኘክሁት።