ፎቅ ቤት ዳስ ይጣላል

የምኖረው ቢቸና ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ዝም ሳሰኝ ስለኖርሁ ይመስለኛል፣ የብሎካችን ሰዎች ተሰብስበው የኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጉኝ። ልጅ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። «የቤቱ ባለቤት ነኝ» የሚልን ሰው ዝም ያሰኘሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

በጋራ የያዝነው ብዙ ነገር አለ። ደረጃው የጋራ ነው፤ ግቢው የጋራ ነው፤ ከብሎኩ ጀርባ በግ የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ድግስ ሲኖር የሚበሰልበት አንድ የጋራ ቤት አለን። በእነዚህ ሁሉ ሰው ይጣላል፤ «የኔም ድርሻ አለበት» ይላል። ማንም ድርሻ አለኝ የማይልበት አንድ ነገር ቢኖር የፍሳሽ መስመሩ ነበር። ላይ ያሉት ያፈሱና ይረሱታል፤ ክረምት ሲመጣ መስመሩ ይሞላና ወደኛ ወደ ምድር ቤቶቹ ይመለሳል። ሁለት ክረምት ሙሉ የሰው እጣቢ ከመታጠቢያ ቤቴ በባልዲ ስቀዳ ከርሜያለሁ።

በየስብሰባው «መስመሩ ይቀየር» ብዬ አነሳለሁ። የምድር ቤት እጆች ይወጣሉ፤ የፎቆቹ እጆች ነጠላ ውስጥና ኪስ ውስጥ ይቀራሉ። ከሁሉም የምታበሳጨኝ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ነጋዴ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ጠንካራ ሴት ናት፤ ይህን አልክድም። ግን ምላሷ!

«እትዬ፣ እኛ ጋ እኮ ምንም ችግር የለም። ውሃው ደህና ይሄዳል» ትለኛለች።

«ይሄዳላ! ወደኔ ቤት ነዋ የሚሄደው!» እላታለሁ።

ስብሰባው በሳቅ ይበተናል። መስመሩ እንዳለ ይቆያል።

እንዲህ እያለን የዚህችው ሴት ልጅ ለትዳር ተጠየቀች። ጠያቂዎቹ ከሞጣ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ልጅቷም ወዳዋለች፤ ነገሩ ሁሉ አልቆ ሳለ የልጁ አያት አንድ ነገር ተናገሩ። ደረጃው አድክሟቸው ስለነበር ይሁን ወይም ከልባቸው፣ አላውቅም።

«ልጅቷን ወደናታል» አሉ። «ግን እንዲህ ካለ ቤት ልጅ እንዴት ይዳራል? ግቢ የለው፣ ደጅ የለው። ዳሱን ጣራው ላይ ልትጥሉት ነው? ይልቅ እኛ ሞጣ አዳራሽ እንያዝና ልጅቷን እዚያ እንረከባችሁ።»

እናትየዋ በዚያው ዕለት ወደ ማታ ደረጃውን ወርዳ የኔን በር አንኳኳች። ሰላምታችን እንኳን የይስሙላ በሆነበት ሰሞን ነው። ገብታ ተቀመጠች፤ ሻይ ባቀርብላት አልነካችውም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ያሳደግኋት እዚህ ነው። አባቷ ሲሞት ሰው ያስተዛዘነኝ እዚህ ነው። ልጄን ከሰው አገር አዳራሽ አላስወጣም፤ ከገዛ ደጄ ነው የማስወጣት። ግቢውን ይፍቀዱልኝ፤ ዳስ ልጣልበት።» ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ «አባቷ ቢኖር እንዲህ ብለው አይናገሩኝም ነበር» አለች።

ያን ጊዜ ስለ ፍሳሹ ላነሳባት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ሞጣዎች ስለ ማራቸው ሲያወሩ ቢውሉ ቅር አይለኝም፤ ስለ ቤታችን ሲያወሩ ግን ደሜ ይፈላል። ደጅ የለው? እንዴት ነው ደጅ የሌለው! በማግስቱ ኮሚቴውን ሰበሰብሁና ሰርጉ በግቢያችን እንዲሆን አስወሰንሁ። ያን ዕለት ያልወጣ እጅ አልነበረም፤ ለድግስ ሲሆን የማን እጅ ይሰንፋል!

ሰርጉ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እሑድ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። ሰው ሁሉ በየፊናው የባሕር ዛፍ ቋሚ ተሸክሞ መጣ። ከኔ ቤት ቀጥሎ የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤቴ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከሱቁ ሸራ አስጭኖ አመጣ፤ ሚስቱ ደግሞ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን በግ ለብቻ አሳርዳ በጋራው ቤት በአንዱ ወገን ድስቷን ጣደች። በሌላው ወገን የሰርጉ ወጥ ይንተከተካል።

ድንኳን ተከራይተን ቢሆን ኖሮ ባለድንኳኑ አጭር ብረቱን ቸክሎ ይሄድ ነበር። እኛ ግን ዳስ ነው የምንጥለው። የኛ አገር ወንድ ደግሞ ቋሚ ሲተክል ለአንድ ቀን መሆኑን ይረሳና ጎጆ እንደሚቀልስ አድርጎ ይቆፍራል። ጎረምሶቹ «ጥልቅ ካልገባ ንፋስ ይጥለዋል» እየተባባሉ በዲጅኖ መሬቱን ሲወግሩት ቆዩ። የመሃሉ ቋሚ ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ዲጅኖው ስርግ ብሎ ገባ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ጥቁር ውሃ ከጉድጓዱ አፍ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሊጎዘጎዝ በተከመረው ቄጠማ ውስጥ ተስፋፋ። የፍሳሽ መስመራችን ነበር። ሕንፃውን ሠርቶ ያስረከበን ተቋራጭ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳየን ነገር የለም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም። አሁን በየት እንደሚያልፍ ሁላችንም አወቅን።

ጩኸቱን ሰምታ እናትየዋ የሽንኩርት ቢላዋ በእጇ እንደያዘች ወረደች። አየችው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

«በቃ» አለች ከነጠላው ውስጥ። «ለሞጣዎቹ ደውሉላቸው። አዳራሹ ይሁን።»

ይህች ሴት ስትበሳጭ አይቻታለሁ፤ ስትሳደብም ሰምቻታለሁ፤ ተስፋ ስትቆርጥ ግን አይቻት አላውቅም።

የቧንቧ ሠራተኛ ተፈልጎ የተገኘው ከሌላ ሰርግ ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። ኮቱን አጥር ላይ ሰቀለ፤ ክራባቱን ለኔ አስያዘኝና ሱሪውን ጠቅልሎ ገባበት። ጎረቤቴ ከሱቁ ቧንቧና ሲሚንቶ አስመጣ። ሠራተኛው አይቶ ሲያበቃ ወደኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ የተሰበረውን ቆርጬ ልቀይረው እችላለሁ። ዙሪያውን በሲሚንቶ እለብጠዋለሁ። ግን ሲሚንቶው እስኪይዝ፣ እስከ ነገ ማታ ድረስ ከላይ ጠብታ ውሃ መውረድ የለበትም። አንድ ሰው ረስቶ ቧንቧ ቢከፍት፣ አንዱ ሽንት ቤት ቢለቅ፣ ሙሽሮቹ እግር ሥር ነው የሚፈነዳው።»

ሰውን ሁሉ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ሰበሰብሁት። እኔ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ ክራባቱ አሁንም በእጄ ነው። ነገሩን እንዳለ ነገርኋቸው። ወዲያው ማጉረምረም ተነሳ። ልጆች አሉን፤ የታመመ ሰው አለን፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ የድግስ ዕቃ የት ይታጠባል? ሁሉም እውነት ነው።

ያን ጊዜ ነጋዴው ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። «እኛ ምድር ቤት ያለነው ሁለት ክረምት በባልዲ ስናወጣ ከርመናል» አለ። «እናንተ እስከ ነገ በባልዲ ብታወርዱ ምን ትሆናላችሁ? ሰርግ እኮ ነው።»

እኔም እንደ ልማዴ «እስከ ነገ ማታ ቧንቧውን የሚዘጋ እጁን ያውጣ» አልሁ። በስብሰባችን እጅ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን መቁጠር አላስፈለገኝም። እናትየዋ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አድርጋ ዞር ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሽንኩርቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባወራው ባወራው አልጠግብም። ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ከአንደኛ ፎቅ ባልዲ ይወርድ ጀመር። የድግሱ ሣህን በሙሉ ግቢው ዳር ወርዶ ታጠበ፤ እጣቢው ከብሎኩ ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ተደፋ። ለሽንት ቤት የጎረቤት ብሎክ በሮቹን ከፈተልን። እኔ ወንበሬን በሬ ላይ አውጥቼ ተቀመጥሁ። በየስብሰባው እግሩን አነባብሮ «የጥገናው ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» የሚለው የሁለተኛ ፎቁ የባንክ ሠራተኛ፣ በተተኮሰ ሱሪ ባልዲ ይዞ በፊቴ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም። «በርታ ልጄ» አልሁት። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ!

ግን ቅዳሜ ወደ ማምሻው ያ ደስታ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። በየጊዜው ሄጄ ቧንቧው የተጠገነበትን ጉድጓድ አያለሁ፤ አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ይሰንፋል፣ አንዱ «ማን ያየኛል» ብሎ ይለቃል ብዬ እጠብቃለሁ። ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ደረቅ ነው። እሑድ ማለዳ ማንም ሳይነሳ ሄጄ አየሁ፤ ደረቅ ነው። ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ እንግዳ፣ ያ ሁሉ ሕፃን፣ ጠብታ አልወረደም። ብዙ ተማሪ አስተምሬ ለቁም ነገር አብቅቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት በሰው ኮርቼ ግን አላውቅም። ብቻዬን ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ እንባዬ መጣ። በፍሳሽ ቧንቧ ያለቀሰ ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። መስመሩ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፤ ለዚያ ውሳኔ እጇን ቀድማ ያወጣችው የሙሽራዋ እናት ናት።

ጉድጓዱ ላይ ጣውላ ተረበረበበት፤ በላዩ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ ዳሱ ቆመ። ቀትር ላይ የሞጣ ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ደረሱ።

ሙሽራ ሲመጣ የሴቷ ወገን በር መዝጋቱ የታወቀ ነው። ሚዜዎቹ ዘፍነው፣ ለምነው፣ ተገፍተው ይገባሉ። የሞጣ ሚዜዎች የተዘጋጁት ለአንድ በር ነበር። እኛ ግን ፎቅ ነን! ግቢው በር ላይ አንድ ጊዜ ታገሉ። የደረጃው አፍ ላይ የነጋዴው ጎረቤቴ ሚስትና ሴት ልጆቿ ሻሻቸውን አጥብቀው ቆመው ጠበቋቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ ሌሎች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሌሎች። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ የሚዜዎቹ ድምፅ ጠፍቶ በእጃቸው ብቻ ነበር የሚለምኑት። እንዲህ ያለ በር መዝጋት በጎጃም ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሙሽራው አያት ከኋላ ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ እኔም ክንዳቸውን ደግፌ አብሬያቸው ነኝ። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ በር ተከፍቶ በርጩማ ይቀርብላቸዋል፤ ጠላ ይቀዳላቸዋል። ትንፋሽ ይሰበስቡና «የሙሽራዋ ቤት ይኸ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤቱ ሰው «አዎ፣ ቤትዎ ነው፣ ይግቡ» ይላቸዋል። ገብተው አረፍ ይላሉ፤ ከዚያ ሰርገኛው ገና ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ሲያዩ ግራ ገብቷቸው ይነሣሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ሙሽራዋ ተሸፋፍና እናቷ ጎን ቆማ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ልጅቷን እንዲሰጧቸው ለእናቲቱ የሚባለውን ሁሉ በወጉ አሉ። እናትየዋ «ሰጥቻለሁ» አለች።

እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሽማግሌው ግን የልጅቷን እጅ ሳይዙ ቀስ ብለው ዞሩ። ደረጃው እስከ ታች በሰው ተሞልቷል፤ ሕፃን ያዘለች አለች፤ እጇን እስከ ክንዷ ወጥ የነካት አለች፤ ባልዲ የያዘም አለ። ሽማግሌው የደረጃውን ብረት ይዘው ወደ ታች ጎንበስ አሉ።

«እናንተስ?» አሉ። «እናንተስ ሰጣችሁን?»

«ሰጥተናል!» የሚለው ድምፅ ከታች ጀምሮ ደረጃውን እየሞላ ወጣ። የኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር አሉ። ቢሰማስ ምን ይገርማል፤ ልጄን ነው የዳርሁት።