«እኔ መጣ»

ሰንጋ ተራ ሥጋ ቤት ደጃፍ ታክሲ ስጠብቅ የሞራ ሽታ አፍንጫዬን መታውና አጎቴ ትዝ አለኝ። ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ሥጋው አይደለም፤ ሥጋ እወዳለሁ። የእሱ ሳቅ ነው።

ያኔ ጌጃ ሰፈር ከአባቴና ከእናቴ ጋር እየኖርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ እማር ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት ዓይኗን ልትታከም ከገጠር መጥታ እኛ ቤት አርፋለች። መምህራችን የሁለት ቋንቋዎችን ግሥ አወዳድራችሁ ጻፉ ስላለን፣ አማርኛንና የአክስቴን ኦሮምኛ መረጥኩ። እናቴ እቤት ኦሮምኛ ስለማታወራ የማውቀው ቁርጥራጭ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ የአክስቴ አልጋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

«‹እኔ መጣሁ› እንዴት ነው?»

«ዱፌ።»

«‹እሱ መጣ›ስ?»

«ዱፌ።»

«አንድ ነው?»

«ማን እንደመጣ ሰው ያያል አይደል?» ብላ ትስቃለች።

«አንቺ መጣሽ»ም «እሷ መጣች»ም «ዱፍቴ» ነው። በአማርኛ «አንተ ትመጣለህ»፣ «እሷ ትመጣለች» ስንል ከፊት የምትቀድመው «ት»፣ በኦሮምኛ ከኋላ ትከተላለች። ይህን ያየሁ ቀን ዘልዬ አቀፍኳት። «እኔ መጣሁ» ለማለት «አን ዱፍቴ» ብዬ ስሳሳት ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ «ዱፌ በዪ» ትለኝ ነበር፤ ሌላ አትጨምርም።

አንድ እሑድ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጥሬ ሥጋ ይዞ መጣ። በቢሮው ትልቅ ሰው ነው ይሉታል። ጮማውን በጥርሱ ነክሶ በቢላ ሲቆርጥ፣ አዋዜው በአገጩ ሲወርድ፣ ጣቱን ሲልስ እያየሁ እጄን ከመሶቡ ሰበሰብኩ። አክስቴ እጇን ታጥባ ገባችና በፈገግታ «እኔ መጣ» አለች።

አጎቴ በሳቅ ፈነዳ። ያላመጠው ሥጋ ከአፉ ተፈናጥሮ መሶቡ ላይ አረፈ። «‹እኔ መጣ›! ወንድ ሆኑ እንዴ እትዬ?» አባቴም ሳቀ። እናቴ አቀረቀረች።

«ጋሼ፣ በቋንቋዋ ‹መጣሁ› እና ‹መጣ› አንድ ቃል ናቸው» አልኩት። «እርስዎ ኦሮምኛ ቢናገሩ እሷ የምትስቅብዎት ይመስልዎታል?»

«ለዚህ ነው የምናስተምርሽ?» አለ፣ ጥርሱን በጥፍሩ እየጎረጎረ። ከዚያ ድምጿን አስመስሎ «እኔ በላ! እኔ ጠጣ!» እያለ ቀጠለ። ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮ ቱቦው አጠገብ አስመለሰኝ።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ አንድ የአማርኛ ቃል አልወጣትም። ሐኪሙ ሲጠይቃት እኔን ታያለች። ሕክምናው ሳያልቅ በኦሮምኛ «አገሬ ልግባ» አለች። እናቴ እያለቀሰች ለመነቻት፤ እንቢ አለች። ጠመንጃ ያዥ ከሚባለው ሰፈር ወደ አውቶቡስ ተራ ታክሲ አሳፈርናት። ጽሑፌን መምህሩ ሲያመሰግነው አጎቴ ለጓደኞቹ «በእኛ ዘር ነው የወጣችው» ሲል ሰማሁት። ያ ቃል ከሥጋው ይልቅ ይገማኛል።

በዓመቱ ልጠይቃት ሄድኩ። ስትታከመው የነበረው ዓይኗ ጠፍቷል፤ ደህናውም ደክሟል። ድምፄን ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እስትንፋሷ ጉንጬን እስኪነካኝ ቀረበች። እስክትጠግበኝ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩላት።

በዚያው ክረምት አረፈች።