ሲዘጋ የሚገጥመው ሐረግ

የልጅ ልጆቼ ስለ አያቴ፣ ስለ አባባ፣ ንገሪን አሉኝ። አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በዚያ የሮቢት ሙቀት እንኳ በሁለቱ መዝጊያዎች ላይ ሐረግ የተቀረጸበትን በራቸውን ክፍት አይተዉም ነበር። «ሐረጉ የሚገጥመው ሲዘጋ ነው» ይሉ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ አንድ ጣሊያናዊ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር በሩን ፎቶ ሊያነሳ መጣ። ከበሩ ጀርባ አርበኛው አጎቴ ቆስሎ ተኝቷል።

«ክፈቱት ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ምን ነካው? ከተከፈተማ ሐረጉ ለሁለት ይቆረጣል! እንዲህ ያለ በር ተበላሽቶ ፎቶ ይነሳል?» አሉ አባባ፣ ከደፉ ሳይነቃነቁ።

እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አስተርጓሚው መሬት መሬቱን እያየ ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ሳቀና በሩን እንደተዘጋ ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከእሳቸው በኋላ የሚዘጋው የለም።

አጎቴ የነገረኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ደሙ በበሩ ስር ወጥቶ ነበር። አባባ ረግጠውት ቆመው ነበር፤ አስተርጓሚውም አይቶ ዝም ብሏል።