አለች፣ አሉ

ቀጨኔ ውስጥ፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ የተጫነች አህያ ስትመጣ ሰው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ቁልቁለት መንገድ አለ። አህያዋ የምትጭነው የሸክላ አፈር ነው፤ የሚራገፈውም በሸክላ ሥራ አራት ልጆች ባሳደጉት ጎረቤቴ ደጅ ነው። አምና ከክረምት በኋላ አንድ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ መንገዱ አፍ ላይ፣ ሰፋ ከሚልበት ቦታ፣ ቤት ገዙና መኪናቸውን ለማሳደር መተላለፊያውን በቆርቆሮ አጠሩት። ሌላ መውረጃ የለም። አፈር ከቀረ ድስት የለም፤ ድስት ከሌለ የጎረቤቴ እንጀራ ተቋረጠ ማለት ነው። ከሰሱ።

ችሎት መዘገብ የኖርኩበት ሥራ ስለሆነ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ ፋይል አንብበው የሚገቡ ዓይነት። ነጋዴውን፣ «እርስዎ አጥሩን ሲሠሩ ፈቃድ ነበረዎት?» ሲሉ ጠየቁ። ወደ ጎረቤቴ ዞረው ደግሞ፣ «አንቺስ በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ተጠቀምሽ?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ሸክላ ሠሪን አንቺ ማለት ለጆሯችን አዲስ ስላልሆነ ማንም ቀና አላለም። እኔም አላልኩም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሷ ጭቃ እንድታቦካ ብዬ መኪናዬን ሜዳ ላሳድር?» አሉ ነጋዴው። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ።

«ያሳደገህ ወጥ በምን የተሠራ ይመስልሃል፣ ልጄ? በጭቃ ድስት ነው» አሉ ጎረቤቴ። አሁን የሳቀው ቤቱ በሙሉ ነበር። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ። «ጌታዬ፣ ጥያቄዎን እመልሳለሁ። ግን ይህን ሰውዬ አንቱ ካሉት እኔንም አንቱ ይበሉኝ። አይሆንም ካሉ እሱንም አንተ ይበሉት። እኔ በሁለቱም እስማማለሁ።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ልክ ነዎት» አሉ። «እርስዎ በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ተጠቀሙ?»

«እርስዎ ሳይወለዱ ጀምሮ።»

ከሁለት ቀጠሮ በኋላ፣ መንገዱ የጋራ መሆኑ በካርታ ስለተረጋገጠ፣ አጥሩ እንዲነሣ ተወሰነ።

ዜናውን የጀመርኩት ሕገ መንግሥቱን ጠቅሼ ነበር፤ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆነ፣ ያለ ልዩነትም እኩል ጥበቃ እንደሚገባው። ጽፌ ስጨርስ እንደ ልማዴ ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩት። ደብተሬ ላይ «ነጋዴው አስረዱ» ይላል፤ ከሥሩ «ሸክላ ሠሪዋ አስረዳች»። ዜናውም እንደዚያው። የመጀመሪያው አንቀጽ እኩል ያደረጋቸውን ሰዎች በግሥ አበላልጫቸዋለሁ፤ ያውም ዳኛው ከታረሙ በኋላ። ስምንት ቦታ አረምኩ።

አርታኢዬ ደወለ። «ስማ፣ ሸክላ ሠሪዋን አንቱ ብለሃታል። ምንድን ናት፣ ባለሥልጣን ናት እንዴ?»

«ነጋዴውስ ምንድን ናቸው?»

«በቃ፣ ይሂድ» አለ።

ጋዜጣው የወጣ ዕለት አንድ ቅጂ ይዤ ወረድኩ። አጥሩ ተነሥቶ የቋሚዎቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤቴ እጃቸው አፈር ስለነበር፣ «አንተው አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «አሉ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«እኔን ነው አሉ ያልከው?»

«አዎ።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ፈገግ እያሉ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ጎሽ። ብቻ አህያዬ ጋዜጣ አታነብም፤ እሷ የምትፈልገው መንገዷን ነው። ይልቅ ዞር በል፣ መጣች።»

ጋዜጣውን ደረቴ ላይ ይዤ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አህያዋ ሙሉ ጭነቷን ይዛ አለፈች፤ የለበስኩትን ኮትም በአፈር ቀባችልኝ።